ጠራ

ከአዘዞ በታች ነው፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ባጃጅ ነጂው ሁሉ ነዳጅ የሚረግጥበት፣
ተሳፋሪው ነጠላ ባፍንጫው የሚጥልበት፤
እዚያ ነው እንጀራዬ፣ ከሽታና ከጭቃ።

ሦስት ኩሬ አለኝ፣ የአንድ እናት ልጆች፤ ጠባያቸው ለየቅል።
የመጀመሪያው ጥቁር ነው፣ ይፈላል፣ ያገሳል፣
ድግስ የበላ ከተማ የዋጠውን ይመልሳል።
ሁለተኛው አረንጓዴ፣ ዝምተኛ፣
ፀሐይን ቀኑን ሙሉ እያላመጠ የሚተኛ።
ሦስተኛው ላይ ዳክዬ አለ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤
ጋባዥ የለው፣ ደጅ ጠኚ አይደል፤ እኔም አልጠራሁትም፤
ውሃው ነው የጠራ።

ዘመድ በሠርግ ቤት «የት ነው የምትሠራ?»
ሲለኝ፣ «ውሃ» እላለሁ፤ የቀረውን ስም አልጠራ።
ልጄ ትንግርት ግን በክፍሏ ፊት ቆማ
«አባቴ የከተማውን እድፍ ያጥባል» አለች አሉ፣ የሰማ እንዲሰማ።
መምህሯ ሳቀች።
እሷ አልሳቀችም።

እላይ ግንቡ አለ፤ እንግዳ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየዋል፤
ከሥሩ የሚወርደውን ማን ጎንበስ ብሎ ይጠይቀዋል?
የሆቴሉ፣ የጠላ ቤቱ፣ የሹሙ ግቢ፣ የሆስፒታሉ፣
ይመጣል፣ ማዕረጉን በየቱቦው እየጣለ፤
እኔ ዘንድ ሲደርስ ጌታም ሎሌም የለ።

ነሐሴ ነው። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሌሊት ሲቀረው፣
ሰማዩ ተቀደደ፤ መብራት ሄደ፤ ፓምፑም አንዴ አስነጥሶ አረፈው።
አዛናው፣ ዘበኛው፣ ባትሪውን ውሃው ላይ አብርቶ፣
«ኩሬው አፋፉን ላሰ» አለኝ፣ አንድ ቦቲውን ጭቃ ውስጥ ትቶ።
ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለው። ናፍጣ ስጡኝ ያልሁበት ደብዳቤ
እንደ ቆሎ ተማሪ በየበሩ፣
ሐምሌን ሙሉ ማኅተም ሲለምን ከረመ።

ወይ ግድቡ ይናዳል፣ ሦስቱም ተያይዘው ይሄዳሉ፤
ወይ የጎኑን በር ልክፈት፣ ያልታጠበው ይውረድ እንዳመሉ።
ሺንታ ትቀበለዋለች፤ ለመገጭ ሹክ ትላለች፤
መገጭ ምስጢር አይችል፤ ጣና ትሰማለች።
መሐል ላይ፣ ደንቢያ፣ እህቴ አንጓች አለች፣
ከሱው ትቀዳለች፣ ከሱው ታጠጣለች።

ስልክ መታሁ። «የደወሉላቸው ደንበኛ…» አለችኝ ያቺ የማትደክም ሴት።
በአምስተኛው፣ እንቅልፍ የያዘው ድምፅ፤ «ማነው የሚጠራው በዚህ ሌሊት?»
«እኔ ነኝ አንጉ። ሦስት ቀን ከወንዝ እንዳትቀጂ።
ለጎረቤት ንገሪ። ከብቱንም አግዱ።»
ዝም አለች። ዝናቡ በሁለታችን ቆርቆሮ ላይ
አንድ ዓይነት ይመታ ነበር።
«ወንድምዬ፣ ሳትደውልም በየክረምቱ
ጎርፉ የላይ ቤትን ገመና አምጥቶ ይዘረግፍልን የለም?
ያሁኑ የተለየው፣ የሚጠራ መገኘቱ።»

በሩን ከፈትሁ። ሲሄድ ሰማሁት፤ እንደ ሌባ አይደለም፣
እንደ ባለ ርስት፣ እያጓራ።

ሲነጋ መዝገቡ ላይ፤ «ከሌሊቱ ሰባት ተኩል በር ተከፈተ።
ምክንያት፤ ዝናብ፣ መብራት፣ ናፍጣ።»
ማን ተነካ ለሚለው ቅጹ ዓምድ የለውም፤
ኅዳጉ ላይ «አንጓች» ብዬ ጻፍሁ።
አለቃዬ በቀይ አሰመረበት፤
«ይህ የምን ምህጻረ ቃል ነው?»

ኅዳር ላይ ደንቢያ ወረድሁ፣ ከሦስተኛው ኩሬ አንድ ጠርሙስ ይዤ።
ባሏ ጎባው ከሐይቁ ተመለሰ፣ መዳፉን እምቦጭ ልጦት፤
«ይኸን አረም ያደለበው የእናንተ ከተማ ነው» አለኝ፣
እንደ ክስ ሳይሆን፣ የአየር ጠባይ እንደሚያወራ።
አንጓች ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አነሣች፤
ጣቶቿ ባሻገር ታዩ፤ ጠርቷል።
ከፈተች፣ አሸተተች፣ እኔን አየች፣ ውሃውን አየች።
አልጠጣችውም። ጠጪልኝም አላልሁ።
ከአንዲት ቃሪያ ሥር፣ ከዳሯ፣ ከተጎሳቆለችው፣
ጥቂት አፈሰሰችና ክዳኑን መልሳ ገጠመች።
«እናያለን» አለች።